ታሪኩ እስኪያልቅ

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ምዕራፍ ስድስት ተመለሰልኝ። ለአራተኛ ጊዜ። ዳር እስከ ዳር ቀይ ቀለም... ቀዩን ቀለም ማን እንደሚሸጥለት ባውቅ ሱቁን አስዘጋው ነበር።

“ፊሊፓ፣ ልጄ” አለኝ ዶክተር ሃርግሪቭ፣ ቶስቱ ላይ ማርማላታ እየቀባ። “የኮሌጁ የድሮ አለቃ ዋይብሮው የተቀበረው በጸሎት ቤቱ በስተ ሰሜን ነው ብለሻል።”

“አዎ። ሁሉም መጽሐፍ እንዲያ ነው የሚለው።”

“ሁሉም መጽሐፍ አንዱ ካንዱ ሲገለብጥ ነው። ሄደሽ አይተሽዋል?”

አላየሁም። በዚህ ብርድ ማን መቃብር ሊያይ ይሄዳል? ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ወንበር አንስቼ፣ ምንጣፍ ገልጬ፣ በጉልበቴ እየዳህኩ... በስተ ደቡብ ነው። ስመለስ ሻዩን ጨርሶ እግሩን ምድጃው ላይ እያሞቀ ነበር። “እህስ?” አለኝ።

ልክ ነው። ሁልጊዜ ልክ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አንድ ቀን እንኳ ቢሳሳት እወደው ነበር።


ጥር 14፣ ሐሙስ

ሻለቃ ቲድማርሽ ቢሮው አስጠራኝ። የኮሌጁን ንብረትና ገንዘብ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ከጦሩ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ አሁንም እኛን እንደ ምልምል ያሰልፈናል።

“ዶክተር ሃስኬት፣ ታሪኩ መቼ ነው የሚያልቀው?”

“በሰኔ።”

“አምናም በሰኔ ነበር ያልሽኝ። የትኛው ሰኔ እንደሆነ ነው ያልነገርሽኝ።”

ነገሩን ላስቀምጠው፤ ምናልባት ንዴቴ ቢበርድልኝ። ዶክተር ኦስበርት ሃርግሪቭ ጡረታ ከወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ግቢው ውስጥ የሚኖርበትን ክፍል ለቅቆ ይሄዳል፤ በኤድልስተን ኮሌጅ ደንቡ እንዲያ ነው። ያን ጊዜ የነበረው የኮሌጁ አለቃ ግን ሆደ ቡቡ ሰው ነበርና የመምህራኑን ጉባኤ አስወሰነ። “ዶክተር ሃርግሪቭ የኮሌጁን ታሪክ ጽፎ፣ አርሞ እስኪጨርስ ድረስ በክፍሉ ይቆይ።” ሁለት ዓመት መስሏቸው ነበር፣ ምስኪኖች።

ታሪኩን ከጨረሰ ክፍሉን ይለቃል። ስለዚህ አይጨርስም። ይህን ለመረዳት ዶክትሬት አያስፈልግም።

እኔን የቀጠሩኝ እንዲያልቅ ነው። ጥንቱን እሱ፣ ከ1600 ወዲህ ያለውን እኔ። የሦስት ዓመት ውል። መጽሐፉ ከወጣ ቋሚ እሆናለሁ። ካልወጣ... እንጃ። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ማመልከቻ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ማመልከቻ መጻፍ ሰልችቶኛል።


የካቲት 7፣ እሑድ

ዝናብ። ጣሪያዬ ያፈሳል፤ ድስት አስቀምጬበታለሁ። በመስኮቴ የሚታየኝ የባቡር ሐዲድ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ሳህኖቼ ይንጫጫሉ።

ሽማግሌው ግን ሁለት ሰፋፊ ክፍል አለው። መስኮቱ ወደ አትክልቱ ያያል። ቁርሱ ከወጥ ቤት ይመጣለታል፣ እንቁላሉ እንኳ እሱ እንደሚወደው ተቀቅሎ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እለቅ ነበር?

አልለቅም። ይህን ግን ለሻለቃው አልነግረውም።


የካቲት 18፣ ሐሙስ

“ያን ጊዜ ገንዘብ አልነበረንም” አለኝ ሃርግሪቭ ዛሬ። ያን ጊዜ ማለቱ 1412ን ነው። “ንጉሡ ከደኑ እንጨት ባይሰጠን ኖሮ አዳራሹን በሣር ነበር የምንከድነው።”

እኛ! ሰውየው ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው እንጂ ስድስት መቶ አይደለም።

“እርስዎ የት ነበሩ ያኔ? እንጨት ሲሸከሙ?” አልኩት።

አልሳቀም። “ከጋሪ ነጂዎቹ አንዱ ሂዩ የሚባል ነበር። ጋሪው ተገልብጦ እግሩን ሰበረው። አሳከምነው። ይህን ጽፌዋለሁ?”

“ጽፈዋል። ሦስት ገጽ።”

“ይበቃል?”

ወይ አምላኬ። ይበቃል ወይ ይለኛል። ንጉሡ ራሱ ግማሽ ገጽ ነው የደረሰው።


መጋቢት 2፣ ረቡዕ

የመሥራቹ በዓል ነበር። ዝይ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ይህን ለእናቴ በስልክ ብነግራት “ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?” ትለኛለች፤ ስለዚህ አልነግራትም። ጥንት በችጋር ዘመን መምህራኑ መሥራቹ በአደራ የሰጧቸውን ዝይ ሰርቀው በሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዕድሜ ትንሹ መምህር ካባውን ለብሶ፣ ግቢው መካከል ተንበርክኮ፣ አንዲት ዝይ በላቲን ይቅርታ ይጠይቃል። ዘንድሮም ትንሿ እኔ ነኝ። ሦስተኛ ዓመቴ። ሰው ይቀጠር ብዬ ብለምን ሻለቃው በጀት የለም ይለኛል።

“ጎንበስ በይ፣ እስከ መሬት!” ይላል ሃርግሪቭ ከኋላ፣ በከዘራው እያመለከተ። ጎንበስ ስል ዝይዋ ጣቴን ነከሰችኝ። ስንት ዘመን ይቅርታ ተጠይቃ ዘርማንዘሯ አልረካም።

ሁሉም ሳቀ። አለቃው ሳይቀር። ሃርግሪቭ ግን መጥቶ ጣቴን በመሐረቡ አሰረልኝ። “በጦርነቱ ጊዜ ታናናሾቼ ሁሉ ዘመቱ፤ እኔን በዓይኔ ምክንያት አስቀሩኝ” አለ። “ሰባት ዓመት ተንበርክኬያለሁ። አንዷማ ጆሮዬን ነው የነከሰችኝ። እጅሽን ወደ ኋላ ነው ማድረግ።”

“ይህን ትናንት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?”

“አልጠየቅሽኝም።”


መጋቢት 18፣ ዓርብ

ተአምር። ምዕራፍ ዘጠኝ ተመለሰ፤ ቀይ ቀለም የለበትም ማለት ይቻላል። ሦስት ነጠላ ሰረዝ ብቻ። ታመመ እንዴ?

ምዕራፍ ዘጠኝ የምወደው ነው። ከ1700 በኋላ ያለው የስካርና የስንፍና ዘመን። መምህር ሁሉ ሲበላና ሲተኛ፣ አንዱ አለቃ ናትናኤል ብሌይኮክ ብቻ ተነስቶ ቤተ መጻሕፍቱን ለከተማው ሰው ሁሉ ከፈተ። ለጫማ ሠሪ፣ ለዳቦ ጋጋሪ። ሳልተኛ ነው የጻፍኩት።

“ወደዱት?” አልኩት።

“አጻጻፍሽ ያምራል” አለ። ይህን ብሎኝ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ፤ በራሴ አፈርኩ።


ሚያዝያ 20፣ ረቡዕ

አሥራ አራቱም ምዕራፍ ተተየበ። እጄ ላይ ነው። ከብዶ ሳየው ደስ አለኝ።

ይዤለት ሄድኩ። አላየውም። “መቅድሙ ይቀራል” አለ። መቅድሙን ጻፍኩ። “ካርታ ይቀራል።” ካርታውን አሠራሁ። “የሰዎች ስም ማውጫ...” ማውጫውን ሠርቼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ሠርቶ በጤና የሚወጣ አለ?

ሄጄ መጽሐፉ ማለቁን ለሻለቃው ነገርኩት። ምን ላድርግ? ነገርኩት። ፊቱ በራ። “እንግዲያው እንዲህ ነው የምናደርገው” አለ። “በሰኔው ጉባኤ አቀርበዋለሁ። ስህተት አለ የሚል ስህተቱን ያሳይ። የሚያሳይ ከሌለ ታሪኩ አልቋል። አለቀ።”

“ክፍሉስ?”

“መታጠቢያ ቤት ይገባለታል። ለክረምት እንግዶች እናከራየዋለን። አሜሪካኖቹ አትክልት የሚያይ መስኮት ይወዳሉ።”

“እሱስ ወዴት ይሄዳል?”

“የእህት ልጅ አለችው፣ ክሮመር ከተማ፣ ባሕሩ ዳር። ለሳንባም ጥሩ ነው።”

ተገላገልኩ። አይደል? ተገላገልኩ።


ግንቦት 7፣ ቅዳሜ

ክሮመር ደርሰን መጣን፣ ሃርግሪቭ የሚገባበትን ቤት ሊያይ። መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሻለቃው “አንቺ አድርሺው” አለኝ፣ እንደ ትእዛዝ።

መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ባለፍንበት መንደር ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑን ማማ እያየ ዘመኑን ይነግረኛል። “ያንን ያሠራነው እኛ ነን። መሬቱ የኛ ነበር፣ እስከ 1550።” “ዶክተር፣ መንገዱን ልመልከት ይፍቀዱልኝ።” “ተመልከቺ። ማማው ግን አመለጠሽ።”

የእህቱ ልጅ ሙሪየል ደግ ሴት ናት። ደግ መሆኗ ነው ነገሩን የባሰ ያደረገው። ክፉ ብትሆን እናደድባት ነበር። ሻይ፣ ኬክ፣ “አጎቴ እንኳን ደህና መጣህ”... ክፍሉን አሳየችን። የልብስ ስፌት መኪናዋ የነበረበት ነው። አልጋ አስገብታለታለች፣ አዲስ አንሶላ ሳይቀር። አንድ መደርደሪያ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኮቱን አላወለቀም።

“መጻሕፍቱን የት ነው የማደርገው?” አለ።

“አጎቴ፣ የምትወዳቸውን ምረጥና... ሌላው ጋራዥ ይቀመጣል። እርጥበት የለውም፣ ብዙም።”

“ጥሩ ነው” አለ። “ጥሩ ነው፣ ሙሪየል። አመሰግናለሁ።”

ይህ ሰው ጥሩ ነው ብሎ አያውቅም። ለምንም ነገር። ለኔ ምዕራፍ ስድስት አራት ጊዜ አይደለም ብሏል። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ሁለት ጊዜ ጥሩ ነው አለ። በመልሱ መንገድ ማማዎቹን አላየም።


ግንቦት 8፣ እሑድ

ተናድጃለሁ። በማን? በሻለቃው። በሙሪየል የስፌት መኪና። በዚያ ሆደ ቡቡ አለቃ፤ ለምን “እስከ ዕድሜው ልክ” ብሎ አያስወስንም ነበር? ታሪኩ እስኪያልቅ... ሰው ቤቱን በምዕራፍ ይከራያል?

በራሴም። ሄጄ የነገርኩ እኔ ነኝ።


ግንቦት 27፣ ዓርብ

መጻሕፍቱን ለቤተ መጻሕፍቱ መስጠት ጀምሯል። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። “አቧራ” አለኝ።


ሰኔ 14፣ ማክሰኞ

ጉባኤው ነገ ነው። ሳስብ ዋልኩ።

ስህተት የሚያሳይ ካለ ታሪኩ አላለቀም ማለት ነው። ካላለቀ አይለቅም። ቀላል ነው። ችግሩ... ስህተት የለም። አንድም። እሱ ራሱ ነው ያጸዳው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ያ የተረገመ ቀይ ቀለም።

አንዱን ከሌለበት ባመጣስ? እኔ? በሰው ስህተት ስንገበገብ የኖርኩ ሴት? ደግሞስ ውሌ... በነሐሴ ያልቃል። መጽሐፉ ካልወጣ ማን ያድሰዋል? ሻለቃው?

እንጃ። እንጃልኝ።


ሰኔ 15፣ ረቡዕ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አለቃው ጉባኤውን ከፈተ። መጀመሪያ ስለ ሣሩ፤ ማን ይርገጠው፣ ማን አይርገጠው። ሁልጊዜ ሣሩ ይቀድማል። ሃርግሪቭ በሩ አጠገብ ከጡረተኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጡረተኛ መናገር ይችላል፣ ድምፅ አይሰጥም። ከዚያ ሻለቃው መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገው።

“ታሪኩ አልቋል። ስህተት አለበት የሚል አሁን ይናገር።”

ተነሳሁ።

“ምዕራፍ አራት” አልኩ። “የአዳራሹ ጣሪያ በ1412 ተሠራ ይላል። እኔ ልክ አይመስለኝም። ሃያ ዓመት ይዘገያል። እንደገና መመርመር አለበት።”

“ይህን ዛሬ ነው የምታመጪው?” አለ ሻለቃው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። “ምን ያህል ይፈጃል?”

“ዓመት። ምናልባት ሁለት።”

ዋሸሁ። ሁሉም ፊት፣ ካባዬን ለብሼ። አለቃው እስክሪብቶውን እያሽከረከረ “እንግዲህ ዶክተር ሃስኬት ካለች...” ማለት ጀመረ። ሆነልኝ።

ከበሩ በኩል ከዘራ ተሰማ። ሃርግሪቭ ተነሳ።

“ዶክተር ሃስኬት ተሳስታለች” አለ።

በዓይኔ ለመንኩት። አላየኝም። ጀመረ... ንጉሡ እንጨቱን የፈቀደው በየትኛው ወር እንደሆነ። የትኛው ደን። በየት መንገድ መጣ፣ ወንዙ ሞልቶ የት ቆመ። ሂዩ እግሩን የት ሰበረ። አናጺው ማን ነበር፣ ከአለቃው ጋር በምን ተጣላ፣ የመጀመሪያውን ግብዣ በአዲሱ ጣሪያ ሥር ስንበላ ዝናብ እንዴት እንደጣለና አንዲት ጠብታ እንዳልገባች። ወረቀት አልያዘም። ማንም አላቋረጠውም። ሲጨርስ አንዱ የኬሚስትሪ መምህር ሊያጨበጭብ ቃጥቶት እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አደረገ።

“ምዕራፍ አራት ላይ ስህተት የለም” አለ።

“ዶክተር ሃርግሪቭ” አለ አለቃው ቀስ ብሎ። ገብቶታል መሰለኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። “ምዕራፍ አራትን ይተዉትና፣ እርስዎ ራስዎ በሌላውስ ክፍል የሚያውቁት ስህተት አለ? ካለ ጊዜው አሁን ነው።”

መነጽሩን አወለቀ። በከረባቱ ጠረገው። ብዙ ጠረገው። አንዴ ወደኔ አየ።

“የለም” አለ።

እጅ ወጣ። ታሪኩ አለቀ።

ግቢው ውስጥ ሮጬ ደረስኩበት። “ምን ነካዎት? ቤትዎ እኮ ነው!”

“ጣሪያው የተሠራው በ1412 ነው።”

“አውቃለሁ!”

“ካወቅሽ ለምን ሌላ ትያለሽ?”

ምን ይባላል? እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ገመድ ብትወረውርለት ገመዱ የት አገር ተገመደ ብሎ የሚጠይቅ። ትቼው ሄድኩ። ሣሩን አቋርጬ። ማንም ምንም አላለኝም።


ሰኔ 17፣ ዓርብ

ቋሚ ሆኛለሁ። ሻለቃው ራሱ መጥቶ ነገረኝ፣ እጄን ጨበጠኝ። “የረቡዕዋን ነገር ረስተነዋል” አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት።

ለእናቴ ደወልኩላት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እሷ በደስታ መሰላት።


ሐምሌ 2፣ ቅዳሜ

ሄደ። ሙሪየል በባለቤቷ መኪና መጣች። ሁለት ሻንጣና አንድ ካርቶን። ሃምሳ ስድስት ዓመት የኖረበት ሰው... አንድ ካርቶን።

አላወራሁትም። ተኮራርፈናል። እኔ ነኝ ያኮረፍኩት፤ እሱ ኩርፊያዬን እንኳ ልብ ያለ አይመስልም። መኪናው ሲነሳ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ “ማውጫው ላይ ሂዩን አስገብተሽዋል?” አለኝ።

“አስገብቻለሁ።”

“ጎሽ።”


ጥቅምት 7፣ ዓርብ

መጽሐፉ መጣ። ጨርቅ ሽፋን፣ ወርቃማ ፊደል። ስሞቻችን ከላይና ከታች። አለቃው ወይን ከፈተ። ሁሉም ማውጫውን ገልጦ የራሱን ስም ፈለገ፤ ከዚያ መጽሐፉን አስቀመጠው። ታሪክ ማለት ይኸው ነው።

አንዱን በፖስታ ወደ ክሮመር ላክሁ። ደብዳቤ አላኖርኩበትም። ምን ብዬ?

ክፍሉ ባዶ ነው። ሳልፍ መስኮቱን አያለሁ። ሠራተኞቹ ቧንቧውን ሊያስገቡ የሚመጡት በኅዳር ነው አሉ።


ጥቅምት 9፣ እሑድ

ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ምዕራፍ ዘጠኝን አነበብኩ። ለራሴ ደስታ።

ገጽ 258፤ አለቃ ናትናኤል ብሌይኮክ በ1719 ሞተ። ቀብሩን ጽፌያለሁ፣ ዝናቡን ሳይቀር።

ገጽ 261፤ ይኸው አለቃ ናትናኤል ብሌይኮክ በ1723 ቤተ መጻሕፍቱን ለከተማው ሰው ከፈተ።

ደግሜ አነበብኩ። ሦስት ጊዜ። ተነስቼ ባዶ እግሬን ክፍሉን ዞርኩት። ሰውየው ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ተነስቶ ቤተ መጻሕፍት ከፈተ? ማስታወሻዬን ገለጥኩ፤ ሁለት ናቸው። በአንድ ስም የሚጠሩ፣ አጎትና የወንድም ልጅ፣ አንዱ ላንዱ አለቅነቱን ያወረሰው። የከፈተው የወንድሙ ልጅ ነው፤ በገጽ 259 ስሙን እንኳ ሳልጠራ ሰካራም ተተኪ ብዬ የሰደብኩት። የሠራውን ነጥቄ ለሟቹ ሰጠሁት። በራሴ እጅ፣ በሦስት ገጽ ልዩነት።

እኔ አላየሁም። ተያቢዋ አላየችም። ማተሚያ ቤቱ አላየም። ግን እሱ... የመቃብር ድንጋይ አቅጣጫ የሚያውቅ ሰው? ሦስት ነጠላ ሰረዝ ያረመ ሰው?

ደወልኩ። ሙሪየል አነሳች። ከበስተጀርባ ቴሌቪዥን ይጮሃል። ጠራችው። ከዘራውን እየሰማሁ ቆየሁ።

“አቤት፣ ፊሊፓ።”

“ገጽ 261” አልኩት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

“አገኘሽው” አለ።

“ያውቁ ነበር?”

“መጋቢት ላይ። ገና መጀመሪያ ሳነበው።”

“እና ሦስት ነጠላ ሰረዝ ብቻ አርመው መለሱልኝ?”

“ነጠላ ሰረዞቹም ስህተት ነበሩ።”

ልጮህ ነበር። ምናልባት ጮኬያለሁ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት።

“ለክፉ ቀን አስቀምጬው ነበር” አለ። እንደ ልጅ ነው ያለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሙሪየል እንዳትሰማ። “ሆን ብሎ አይጨርስም ስትይ ኖረሻል፤ ፊትሽ ላይ ነበር። ልክ ነበርሽ። ሻለቃው ታሪኩ አልቋል ያለ ዕለት ተነስቼ ሁለቱን ብሌይኮኮች ላወጣ ነበር። ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ንግግሬን ሳይቀር ለማምጄ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያ ቀድመሽኝ ተነሳሽ።”

መጽሐፉን ዘጋሁት።

“ለኔ ብለሽ ዋሸሽ፣ ልጄ። ውሸቱንም አታውቂበትም። 1412ን ያህል ነገር... ማን ያምንሻል? እኔ ባልነሳ የኬሚስትሪው ልጅ ራሱ ይደርስብሽ ነበር። ከዚያ አለቃው ዞሮ ሌላ ስህተት አለ ወይ ሲለኝ ምን ልበል? አዎ፣ እሷው ናት፣ ምዕራፍ ዘጠኝ? ለኔ ብላ የቆመችን ሴት እንጀራ ልዝጋ?”

“እኔ ባልነሳ ኖሮስ?”

“ባትነሺ ኖሮ” አለ፣ “አሁን ከክፍሌ ሆኜ ነበር የማዋራሽ።” እና ሳቀ። ሽማግሌው ሳቀ። ከስፌት መኪናው ክፍል፣ ከአንድ መደርደሪያው ሥር።

ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ላድነው ተነስቼ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ ቤቱ ነበር። እሱ ደግሞ አንዲት ቃል ቢናገር ቤቱ ነበር። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ስህተት አይቶ ዝም አለ፣ እሱም የኔን። እንዲህ የሚያናድድ ሰው አይቼ አላውቅም። እንዲህ የምወደውም።

ሻለቃው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ተማሪዎቼም፣ የሌላ ኮሌጅ ሰዎችም። ከሞተ በኋላ ቤተ መጻሕፍት የከፈተ አለቃ... ጡረታ እስክወጣ ይስቁብኛል። ቋሚነቴንም አንሱባት የሚል አይጠፋም። ይበሉ። የያኔው የጉባኤ ውሳኔ ጽፎ ብቻ አይልም፤ ጽፎ፣ አርሞ እስኪጨርስ ነው የሚለው። አልታረመም። የተሸጠው ሁሉ ተሰብስቦ እንደገና ይታተማል፣ የሁለቱን ብሌይኮኮች ሥራ አንድ በአንድ ለይቶ የሚያውቅ ደግሞ በአገሩ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቧንቧ ሠሪዎቹ የሚመጡት በኅዳር ነው። ጉባኤው ረቡዕ ነው። እነሳለሁ። በዚህኛው አልዋሽም።